«አቦል ታቦል» ቡና አይደለም፦ ስለ ሱኩማር ራይ ዝባዝንኬዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሱኩማር ራይ ለሰው ባወራሁ ቁጥር የሚመጡብኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። እንግዲህ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልመልሳቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«አቦል ታቦል» ምንድን ነው? የቡና ነገር መስሎኝ ነበር።

የኔም ጆሮ መጀመሪያ የሰማው ጀበናውን ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ላደገ ሰው ሌላ ምን ሊመጣለት ይችላል? ቃሉ ግን ቤንጋሊኛ ነው። ዝባዝንኬ፣ ራስና እግሩ የማይታወቅ ወሬ እንደማለት ነው። በ1923 ካልካታ ውስጥ የታተመ የልጆች ግጥም መጽሐፍ ርእስም ነው። ጸሐፊው ሱኩማር ራይ ይባላል። ግጥሞቹ አብዛኞቹ አስቀድመው የወጡት «ሳንዴሽ» በሚባል የልጆች መጽሔት ላይ ነበር። በሕንዷ ምዕራብ ቤንጋልም ሆነ በባንግላዴሽ ከነዚህ ግጥሞች አንዱን በቃሉ የማይወጣ የተማረ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ሱኩማር ራይ ማነው?

የፊልም አፍቃሪ ከሆናችሁ ልጁን ታውቁታላችሁ። «ፓቴር ፓንቻሊ»ን የሠራው ሳትያጂት ራይ የሱ ልጅ ነው። ብዙ ሰው ወደ አባትየው የሚደርሰው በልጁ በኩል ነው። ቤንጋል ውስጥ ግን አባትየው ማስተዋወቂያ አያስፈልገውም።

ሱኩማር በ1887 ካልካታ ተወለደ። ኮሌጅ ገብቶ የተማረው ፊዚክስና ኬሚስትሪ ነው። እዚያው ከጓደኞቹ ጋር «የዝባዝንኬ ክበብ» አቋቋመ። ክበቡ በእጅ የሚጻፍ መጽሔት ነበረው። ስሙ ወደኛ ሲመለስ «ሠላሳ ሁለት ተኩል ጥብስ» ይሆናል። መንገድ ላይ ከሚሸጥ፣ እንደኛ ቅልቅል ቆሎ ካለ መክሰስ የተወሰደ ቀልድ ነው። «ተኩል»ዋ ናት ሰውየውን የምትነግራችሁ።

በ1911 ወደ እንግሊዝ ሄደ። ለንደንና ማንቸስተር ውስጥ የተማረው ሥነ ጽሑፍ አይምሰላችሁ። የፎቶና የኅትመት ሙያ ነው። ይሄን ነገር ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል። እኔ ግን ዋናው ነገር ይመስለኛል። ግጥሙን የሚጽፈው፣ ሥዕሉን የሚሥለው፣ ሥዕሉ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር። ከገጹ ግርጌ አራት ጣት ክፍት ቦታ ቢተርፍ ምን ቢገባበት እንደሚያምር የሚያውቅ ገጣሚ ስንት አለ?

«ሳንዴሽ» ምን ዓይነት መጽሔት ነበር?

ስሙ ራሱ ጨዋታ ነው። ሳንዴሽ ማለት መልእክት ወይም ዜና ነው። ከወተት የሚሠራ የቤንጋል ጣፋጭም ሳንዴሽ ይባላል። ልጁ መጽሔቱን ሲቀበል ወሬውንም ጣፋጩንም ያገኛል ማለት ነው።

የመሠረተው አባቱ ኡፔንድራኪሾር ነው፣ በ1913። ሰውየው ደራሲ፣ ሠዓሊ፣ ቫዮሊን ተጫዋችና ሕንድ ውስጥ የፎቶ ኅትመትን ካስጀመሩት አንዱ ነበር። ማተሚያ ቤቱና መኖሪያ ቤቱ ካልካታ፣ ጋርፓር በሚባል ሰፈር አንድ ግቢ ነበሩ። አባትየው በ1915 ሲሞት መጽሔቱ በሃያ ስምንት ዓመቱ ሱኩማር እጅ ገባ።

የወር መጽሔት ሆድ ነው። ሞላሁት ስትሉ ባዶ ነው። ተረት ይፈልጋል፣ እንቆቅልሽ ይፈልጋል፣ ስለ እንስሳትና ስለ ማሽን የሚያስረዳ ጽሑፍ ይፈልጋል። ሱኩማር ይሄን ሁሉ ጽፏል። ግጥሞቹም ለዘላለም ክብር ብሎ ቁጭ ብሎ ያማጣቸው አይደሉም። የሚቀጥለውን እትም በር ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ልጅ የተጻፉ ናቸው። ልጅ ደግሞ ጨዋነት አያውቅም። ካልሳቀ አልሳቀም።

ዝባዝንኬ ግጥም ማለት እንደመጣ መጻፍ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ከሁሉም ጥያቄ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

«ኪቹሪ» የሚለውን ግጥም ውሰዱ። ኪቹሪ ሩዝና ምስር አንድ ላይ የሚቀቀልበት ምግብ ነው። በግጥሙ ውስጥ የሚቀቀሉት እንስሳት ናቸው። ዳክዬ ነበረ፣ ጃርት ነበረ፤ ተራኪው በቅንፍ ውስጥ «ሰዋስው አላከብርም» ይላል፤ ከዚያ ሁለቱ አንድ ሆነው ቁጭ ይላሉ። እንዴት እንደሆነ እሱም አያውቅም።

አሁን ቃሉን እዩት። በቤንጋሊኛ ዳክዬ «ሃንሽ» ነው፣ ጃርት «ሾጃሩ»። ሲገጣጠሙ «ሃንሽጃሩ» ይሆናሉ። «ሽ» የሁለቱም ናት። ዝሆን «ሃቲ» ነው፣ ዓሣ ነባሪ «ቲሚ»። ሲገጣጠሙ «ሃቲሚ»። «ቲ»ን ይጋራሉ። ስፌቱ የት እንዳለ አይታይም። ሰዋስው አላከብርም ያለው ሰውዬ እያንዳንዱን ድምፅ በሚዛን ለክቶ ነው ያስቀመጠው። ምጣኔው አይሰበርም፣ ቤቱ አይስትም፣ ግሡ ከቦታው አይነቃነቅም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውም ሁሉ ምክንያት አለው። ዓሣ ነባሪው ወደ ውኃ እንሂድ ይላል፣ ዝሆኑ ወደ ጫካ። እውነት ነው፣ ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ? የበቀቀን ፊት የተሰጠው እንሽላሊት ጭንቅ ይዞታል፤ እስከ ዛሬ ነፍሳት ሲበላ ኖሮ አሁን ቃሪያ ሊበላ ነው። አንድ እብደት ብቻ ይፈቀዳል፤ የቀረው በሕግ ነው።

እኛም ይሄን ነገር እናውቀዋለን። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን ነው ያደግነው። ላሟ ከተረቱ ጋር ምን አገናኛት? «ረት» ነው ያገናኛት፣ ሌላ ምንም። እንካ ስላንቲያ ደግሞ ጨዋታው ሁሉ በዚህ የቆመ ነው፦

— እንካ ስላንቲያ!
— በምንቲያ?
— በዱባ።
— ምን አለህ በዱባ?
— ዱባዬ በባቡር አዲስ አበባ ገባ!

ዱባውን ባቡር ያሳፈረው «ባ» ነው። ቤቱን የሳተ ልጅ ይሸነፋል። ትርጉም የጎደለው ግን አይሸነፍም። ሱኩማር እዚህ መሐል ቢቀመጥ ምንም አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

እሱ ራሱ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ አንድ ነገር ብሏል። በሕንድ የኪነ ጥበብ ትምህርት «ራሳ» የሚባል አለ፤ ሥራው በሰሚው ልብ የሚተወው ጣዕም ማለት ነው። ፍቅር፣ ቁጣ፣ ሐዘን፣ ድንጋጤ እያለ ዘጠኝ ይቆጠራል። ሱኩማር መጽሐፉ የ«ኬያል ራሳ» ነው አለ፤ ልብ እንዳሰኘው የመሆን ጣዕም። ይሄ ጣዕም የማይጥመው ሰው መጽሐፉን ይተወው ብሎም ጨመረ። በትሕትና በሩን ማሳየት ይሉታል ይሄ ነው።

ከእንግሊዞቹ የቀዳው አይደለም?

አንብቧቸዋል፤ ክርክር የለውም። ኤድዋርድ ሊር የመጀመሪያውን የዝባዝንኬ መጽሐፉን በ1846 አወጣ። ሉዊስ ካሮልም በ1871 በታተመው አሊስ ስለምትባል ልጅ በሚያወራው ሁለተኛው መጽሐፉ ውስጥ ግማሽ ቃሉ የተፈጠረ ግጥም አስገብቷል። እነሱም ቢሆኑ ከመጽሔት ጋር የተጣበቁ ነበሩ። በሊር ግጥም ውስጥ ያሉት ጉጉትና ድመት ጀልባ ተሳፍረው መጀመሪያ የታዩት በ1870 ቦስተን በሚታተም የልጆች መጽሔት ላይ ነው። «ሉዊስ ካሮል» የሚለው የብዕር ስምም የተወለደው በ1856 አንድ መጽሔት ላይ ነው፤ ከቀረቡት አራት ስሞች አዘጋጁ መርጦለት።

የሊርን ካነሣን አይቀር ይቺን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ባቡር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ለተሳፋሪዎች «ኤድዋርድ ሊር የሚባል ሰው የለም» እያሉ ያስረዳሉ። እውነተኛው ጸሐፊ አንድ ኧርል፣ ማለትም የእንግሊዝ መኳንንት፣ ነው፤ የስሙን የእንግሊዝኛ ፊደሎች ብታገላብጧቸው «ኧርል» ይሆናል ይላሉ። ሊር ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል። ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡ የተጻፈውን ስም ማሳየት ነበረበት። ባርኔጣው አልበቃም፤ መሐረቡን፣ ዱላውንና ደብዳቤውንም ጨመረ። ታሪኩን የጻፈው ራሱ ነው።

ወደ ሱኩማር እንመለስ። መቅዳት ሌላ፣ እሳት መጫር ሌላ። የሱ ዓለም ካልካታ ናት። የቢሮ አለቃው ተቀምጦ ካሸለበበት ብንን ብሎ «ሪዜ ተሰረቀ!» ብሎ ይጮኻል። መስታወት ያሳዩታል፤ ይሄ የኔ አይደለም፣ የወተት ሻጭ ሪዝ ነው ይላል። ሠራተኛውን በሙሉ ይቀጣል። ሌላ ቦታ ደግሞ ለሴት ልጅ አባት ስለ አንድ «ጥሩ» ሙሽራ ይነገራል። ልጁ ማትሪክን ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ወድቆ ነው የተወው። ማትሪክ የሚለውን ቃል ያላስተረጎምኩት ሆን ብዬ ነው። የኛ አገር ሰው ያለ መዝገበ ቃላት ይስቃል።

ፖለቲካ አለበት?

ሕንድ ያኔ በእንግሊዝ ሥር ነበረች፤ ፍረዱ። «የሃያ አንድ ሕግ» የሚለው ግጥም ስለ አንድ አገር ይናገራል። እዚያ አገር አዳልጦት የወደቀ ሰው ይያዛል፤ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ሃያ አንድ ሩፒ ይቀጣል። ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ማስነጠስ የሚፈልግ ቲኬት ይቆርጣል። ያለ ቲኬት ያስነጠሰ ጀርባው ይደለቅና ሱረት ተደርጎለት ሃያ አንድ ጊዜ ያስነጥሳል። ግጥም የጻፈ ደግሞ የፍርግርግ ጎጆ ውስጥ እንደ ወፍ ይታሰርና የባለ ሱቅ የሒሳብ ደብተር ሃያ አንድ ገጽ ያሠሉታል።

የመጨረሻው ቅጣት ገጣሚ ለሆነ ሰው ከግርፋቱ የከፋ ይመስለኛል። ለማንኛውም ግጥሙ የማንንም ባለሥልጣን ስም አይጠራም። ልጆች የሚስቁት በማስነጠሱ ነው፤ ትልልቆቹ በምን እንደሚስቁ ማንም አይጠይቃቸውም።

አጫጭር ልብ ወለድስ ጽፏል?

ጽፏል፤ ያውም ብዙ። በጣም የሚታወቀው «ሃ-ጃ-ባ-ራ-ላ» ነው። ርእሱ ፊደሎች ተደርድረው ነው፤ ቃሉ ውጥንቅጥ ማለት ነው። አንድ ልጅ በሙቀት ዛፍ ሥር ተጋድሟል። ላቡን ሊጠርግ መሐረቡን ሲያነሣ መሐረቡ ድመት ሆኗል። ትንሽ ቆይቶ ሰሌዳ ይዞ ሒሳብ የሚሠራ ቁራ ይመጣል። ሰባት ሲባዛ በሁለት ስንት ነው? የቁራው ስሌት ሲያልቅ በእጁ የሚተርፈው እርሳስ ነው። ዐርባ ዓመት ሲሞላቸው ዕድሜያቸውን ወደኋላ የሚያዞሩ ሽማግሌዎችም አሉ። ዐርባ አንድ ብለው አይቀጥሉም፤ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ስምንት እያሉ ይወርዳሉ። ልደቴን ባከበርኩ ቁጥር የሚያስቀናኝ አሠራር ነው።

ሌላው ስለ «እብዱ ዳሹ» የሚያወሩት የትምህርት ቤት ታሪኮች ናቸው። እነዚህ ውስጥ አስማት የለም። አንድ ነገረኛ ልጅ፣ ጉረኛ የክፍል ጓደኞችና ቶሎ የሚደነግጥ መምህር ነው ያለው። ሁሉም ሰው ከዳሹ ጋር ተምሯል። በመጽሐፍ ተሰብስበው የወጡት ደራሲው ከሞተ በኋላ፣ በ1940 ነው። መግቢያውን የጻፈላቸው ራቢንድራናት ታጎር ነው።

በምን ሞተ?

በካላዛር። አዎ፣ እኛ ከመተማና ከሁመራ ጋር አያይዘን የምናውቀው ካላዛር። የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ጣፊያን የሚያሳብጥና ሰውን እያከሳ የሚጨርስ በሽታ ነው። በ1921 ያዘው፤ ልጁ ሳትያጂት በተወለደበት ዓመት።

ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ታመመ። አልጋ ላይ ሆኖ መጻፉንም መሣሉንም አላቆመም። «አቦል ታቦል»ን ለኅትመት ያዘጋጀው በዚያ ሁኔታ ነው። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1923 ሞተ፤ ሠላሳ ስድስት አልሞላውም። መጽሐፉ የወጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። ከዚያም በዘጠነኛው ቀን ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆነች፤ ይሄን ያነሣሁት ዘመኑ ትዝ እንዲላችሁ ብቻ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዓመታት፣ ኡፔንድራናት ብራህማቻሪ የሚባል ሐኪም ለካላዛር አንቲሞኒ ከሚባል ማዕድን የተሠራ መድኃኒት አግኝቶ ነበር። መድኃኒቱ ኋላ ብዙ ሕዝብ አዳነ። ለሱኩማር አልደረሰም። ከአንቲሞኒ ወገን የሆነ መርፌ እኛም አገር ለካላዛር ታማሚ እስካሁን ይሰጣል።

የመጽሐፉ የመጨረሻ ግጥም የሚያልቀው እንቅልፉ እየከበደው እንደመጣና ዘፈኑ እንዳበቃ በመናገር ነው። በዚያው ግጥም ውስጥ ቀልዱ አለ፤ ዝባዝንኬውም አለ። አላነባበትም።

መጽሔቱስ ምን ሆነ?

ከሱ ሞት በኋላ ጥቂት ዓመት ተንገታግቶ ቆመ። ማተሚያ ቤቱም ከሰረ፤ ቤተሰቡ የጋርፓሩን ቤት ለቀቀ። በ1961 ሳትያጂት ከአንድ ገጣሚ ወዳጁ ጋር ሆኖ አስነሣው። ያኔ በፊልም ስሙ ዓለምን ዞሯል። እሱ ግን ለልጆች መጽሔት ሥዕል ይሥል፣ ታሪክ ይጽፍ ጀመር። ፌሉዳ የሚባለው የታወቀው መርማሪ ገጸ ባሕርይው በ1965 የተወለደው እዚያ ነው። በ1962 ያወጣው አንድ አጭር ልብ ወለድም አለ። የገጠር መምህር ነው፤ ጓደኞቹ ሲያሾፉበት ውለው ያድራሉ። አንድ ማታ ቀርከሃ ጫካ ውስጥ ከሌላ ፕላኔት የመጣ እንግዳ ያገኛል። ከዚያ ማታ በኋላ ማንም አያሾፍበትም። ስለ ጠፈር የሚያወራ ታሪክ መስሎ ስለ ዓይናፋርነት ነው የሚያወራው።

ሳትያጂት የሊርንና የካሮልንም ግጥሞች ወደ ቤንጋሊኛ መልሷል። ያን ስብስብ «የፈረስ እንቁላል» በሚል ፈሊጥ ነው የሰየመው። በነሱ አባባል የፈረስ እንቁላል ማለት የሌለ ነገር ነው። የኛዋ በሰማይ ያለች ላም ዘመድ።

ቤንጋሊኛ የማያውቅ ሰው እንዴት ያንብበው?

በእንግሊዝኛ ጥሩ ትርጉሞች አሉ። ልጁ የተረጎማቸው አሉ፤ ሱካንታ ቻውዱሪ በ1987 ያወጣው ስብስብም አለ። በ2007 ደግሞ የሕንድ ዝባዝንኬ ጽሑፎች ከብዙ ቋንቋ ተሰብስበው «ዐሥረኛው ራሳ» በሚል ርእስ ወጥተዋል። ርእሱ ከየት እንደመጣ አሁን ገብቷችኋል። ሳትያጂት በ1987 ስለ አባቱ የሠራው አጭር ዘጋቢ ፊልምም አለ።

ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል?

መሳቅ ለሚችል።

ወደ አማርኛ ይመለሳል ወይ?

ቃል በቃል አይመለስም። ዳክዬና ጃርትን ገጣጥሜ «ዳክጃርት» ብዬ አየሁት። ምላስ ይሰብራል፤ የጋራ ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ እንስሳቱን መቀየር ነው። ጦጣና ጣዎስ «ጣ»ን ይጋራሉ፤ «ጦጣዎስ» ያለ ምንም ትግል ይወጣል። አንበሳና ሳላስ? «አንበሳላ»። የአምባሰል ዘመድ ትመስላለች። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ስጧቸው፤ ከናንተ የተሻለ ያገኛሉ።

ቃሉ ከተገኘ በኋላ ነው ሥራው። የኛ የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ይፈልጋል፤ አንዲት ብትተርፍ ጆሮ ያውቃል። አንበሳላን ለማስገባት አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብኛል፦

አንበሳ ተጋጭቶ ከአንዲት ቀንዳም ሳላ፣
ስሙ ተቀየረ፣ ሆነና አንበሳላ።
ፊቱ ራት ሲፈልግ፣ እግሩ ፈርቶ ሮጧል፣
ራሱን ሲያባርር ዓመት በዓል ያልፈዋል።